ከማውስ ልገላገል ነው፤ የመጀመሪያ ኮንትሮለር ምን ልግዛ?

የመንቆረር ቢት (ደብረ ማርቆስ)፣ እሁድ ማታ

እንዴት ሰነበታችሁ። ኤፍኤል ስቱዲዮ (የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ ቢት መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ያለኝ ዕቃ ላፕቶፕ፣ ማውስና ኢርፎን ብቻ ነው። ኖታውን አንድ በአንድ በማውስ እየጠቀጠቅሁ ነው የምሠራው።

ከበሮውና ቤዙ በማውስም ይሄዳል። ዜማው ግን አልሆን አለኝ። የምሠራው በሠርግ ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ነገር ነው፤ ትከሻ የሚያስመታ የአገራችን ምት። ሰፈራችን ውስጥ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት አሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጣታቸውን አያለሁ። ጭራው ላይ ጣታቸው ዝም ብሎ አያርፍም። ወደ ቀጣዩ ድምፅ ሲሄዱ እየተንሸራተቱ ነው፤ ደርሰውም ትንሽ ያርገበግቡታል። ቤት ገብቼ ያንኑ ዜማ በማውስ ስጽፈው ደረቅ ይሆንብኛል። ኖታው ልክ ነው፤ ዜማው ግን የእሳቸው አይደለም።

አሁን ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል። ያየኋቸው ኮንትሮለሮች (ላፕቶፕ ላይ የሚሰኩ የቁልፍ ሰሌዳዎች) አካይ ኤምፒኬ ሚኒ፣ አርቱሪያ ሚኒላብ 3፣ ኖቬሽን ላንችኪ ሚኒ እና ኤም-ኦዲዮ ኪስቴሽን 49 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፓድ (በጣት የሚመታ ጎማ) አላቸው፣ ኖብ (የሚዞር መቆጣጠሪያ) አላቸው። ኪስቴሽኑ ትልቅ ነው፤ ከቁልፍ በቀር ግን ብዙም ነገር የለበትም። ብዙ ነገር ያለበትን ልውሰድ? ስንት ቁልፍ ይበቃኛል? አንዴ ከገዛሁ ለመቀየር ብዬ 300 ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ አባይ በረሃን ወርጄ ወጥቼ መመለስ አልችልም። ለዚህ ነው ቀድሜ የምጠይቀው።


ጣና ኪቦርድ (ባሕር ዳር)፣ እሁድ ማታ

ሰላም ወንድሜ። እኔ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ስጫወት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሳትገዛ መጠየቅህ ጥሩ አድርገሃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በል። ኮንትሮለር ድምፅ የለውም። በገመድ የሚልከው ቁጥር ነው። የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ጉልበት ተመታ፣ መቼ ተለቀቀ። ጉልበቱ እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ይሄዳል። ድምፁን የሚያወጣው ላፕቶፕህ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ውድ ኮንትሮለር የተሻለ ድምፅ አይሰጥህም። የሚገዛው ለእጅህ ነው።

እጅህ ምን እንደሚፈልግ ደግሞ ራስህ ተናግረሃል። «እየተንሸራተቱ ነው» አልክ። መልሱ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ፓድና ኖብ ከመቁጠርህ በፊት ፒች ቤንዱ (ድምፁን እያንሸራተተ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው) በምን እንደተሠራ እይ። የሚሽከረከር ዊል ነው? ጆይስቲክ ነው? በጣት የሚዳበስ ስትሪፕ ነው? ወይስ ጭራሽ የለም? አካይ ኤልፒኬ 25 ለምሳሌ ቀላልና ትንሽ ነው፤ ፒች ቤንድ ግን አልተደረገበትም። ለአንተ ሥራ አይሆንም።

ቁልፉ፣ በአንድ እጅ ዜማ ብቻ ከሆነ 25 ይበቃል። ኦክታቭ መቀየሪያ (ቁልፎቹን ወደ ቀጭን ወይም ወደ ወፍራም ድምፅ የሚያዛውር) አለው። ግራ እጄ ኮርድ፣ ቀኜ ዜማ ካልክ ግን ከ49 በታች ይጠብሃል።


ዋሽንት (ፍኖተ ሰላም)፣ ሰኞ ጠዋት

እኔ ኤምፒኬ ሚኒ ነው ያለኝ፤ ሦስት ዓመት ተጠቀምኩበት። ስለምወደው ልጀምር። ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለሚወስድ ላፕቶፑ እስካለ እሱም አለ። ፓዶቹ ደግሞ ጥሩ ናቸው።

ጆይስቲኩ ግን ጋሼ ያሉት ነገር ላይ አስቸግሮኛል። እንቅስቃሴው በጣም አጭር ነው። አውራ ጣቴን ትንሽ ነካ ሳደርገው ድምፁ ሩቅ ሄዶ አገኘዋለሁ። ስለቀው ደግሞ በስፕሪንግ ጠብ ብሎ ወደ መሃል ይመለሳል። ቀስ ብሎ መመለስ የሚባል ነገር ያስቸግረዋል። ዋሽንት የሚመስል ድምፅ ስጫወት መጨረሻውን ወረድ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ አሁንም ድረስ ብዙ ጊዜ በማውስ ነው የማስተካክለው።

ሌላ ነገር፣ ቁልፎቹ ትንንሽ ናቸው። እጅህ ሰፊ ከሆነ ሞክረህ ግዛ።


የዳሞት ልጅ (ቡሬ)፣ ሰኞ ጠዋት

እኔ ለፓድ ልከራከር። ከበሮ እኮ የጨዋታው ልብ ነው።

ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። እኔ ከታች ያሉትን ሁለት ፓዶች ለሰፊው፣ ከላይ ያሉትን ሁለቱን ለጠባቡ ሰጥቻለሁ። ለአንድ ድምፅ ሁለት ፓድ የሰጠሁት በሁለቱ እጅ እያፈራረቅሁ እንድመታ ነው። አንድ ፓድ ለጭብጨባ፣ አንዱ ለእልልታ። የእኛ ምት በስድስት ስምንተኛ ነው የሚሄደው፤ ስድስቱ ምት እኩል አይመዝኑም። በማውስ ስትጽፈው ሁሉም እኩል ይሆናል። በፓድ ስትመታው ጉልበቱ ከእጅህ ይመጣል።

አንድ ምክር ብቻ፣ ኳንታይዝ አታድርገው (ምቱን በሶፍትዌር እኩል አታሰልፈው)፤ ካደረግህም ሙሉ በሙሉ አይሁን። ከበሮ መቺ ትንሽ ይቀድማል፣ ትንሽ ይዘገያል። ሰው ከወንበሩ የሚነሣው እዚያች ላይ ነው።


የመንቆረር ቢት፣ ሰኞ ከሰዓት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ዋሽንት፣ ስለ ጆይስቲኩ የነገርሽኝን አስቤው አላውቅም ነበር። ሚኒላቡና ላንችኪ ሚኒው ግን በጣት የሚዳበስ ስትሪፕ ነው ያላቸው። እሱ ለማሲንቆ አይቀርብም? ጣት እያንሸራተቱ ነው እኮ።


ጣና ኪቦርድ፣ ሰኞ ማታ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። በእኔ እጅ ችግሩ መነሻው ላይ ነው። ጣትህን ልክ መሃሉ ላይ ካላሳረፍክ ድምፁ ዘሎ ይጀምራል። ጨለማ ሠርግ ቤት ውስጥ መሃሉን በጣት መፈለግ ከባድ ነው። ዊል ሲሆን ሁልጊዜ ከመሃል ነው የምትነሣው፤ ዳሩም መቋቋሙም ለጣትህ ይታወቀዋል። ቤት ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ስትሪፕ ሊስማማ ይችላል። ይሄ የእጅ ጉዳይ ነው።

አሁን ግን ማንም ያልነገረህን ነገር ልንገርህ። ፒች ቤንድ ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች ነው የሚሄደው። ለፈረንጅ ሙዚቃ ይበቃ ይሆናል። ለእኛ ቅኝት አይበቃም። ቁልፎቹን ቁጠራቸው፣ ጥቁሩንም ነጩንም፤ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ አንድ ግማሽ ድምፅ ነው።

ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ትልቁ ክፍተት ሦስት ግማሽ ድምፅ ነው፤ ከኢ ወደ ጂ።

ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ነው። ከሲ ወደ ኢ አራት፤ ከጂ ወደ ቢም አራት።

አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ከዲ ፍላት ወደ ኤፍ አራት።

አንቺ ሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። እዚህም አራት አለ።

ስለዚህ በሁለት ግማሽ ድምፅ ከአንዱ የቅኝት ድምፅ ወደ ቀጣዩ ሁልጊዜ ተንሸራትተህ መድረስ አትችልም። መንገድ ላይ ነው የምትቀረው። ብዙ ልጆች «ኪቦርድ ማሲንቆ አይሆንም» የሚሉት እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ነው። ፕለጊኑ (ድምፁን የሚያወጣው ሶፍትዌር) ውስጥ ቤንድ ሬንጅ የሚለውን ፈልገህ 4 ወይም 5 አድርገው። 12 አታድርገው፤ ያኔ ዊሉን በፀጉር ስፋት ስትነካው ድምፁ ያመልጥሃል። አሁን ጆይስቲኩ ለምን እንደሚያስቸግር ይገባሃል። በዚያች አጭር እንቅስቃሴ ውስጥ አራት ግማሽ ድምፅ ማስገባት አለብህ። ረጅም ዊል ላይ ግን ለእያንዳንዱ ቦታ አለ።


ዋሽንት፣ ሰኞ ማታ

ሦስት ዓመት ሙሉ በ2 ነበር የምሠራው! አሁን 4 አድርጌ ሞከርኩት፤ ከሲ ወደ ኢ ገባ። ጆይስቲኩ አሁንም ይቸኩላል፤ ግን ደረሰ።


ጮቄ (ሞጣ)፣ ማክሰኞ ጠዋት

እኔ የተለየ ነገር ልናገር፤ አትቀየሙኝ። ወንድሜ በኢርፎን ነው የምሠራው ብለሃል። ብርህን ለጥሩ ሄድፎን ስጠው። የምትሰማው ነገር ልክ ካልሆነ በኮንትሮለር የተጫወትከውም ልክ አይሆንም። ቤዙ በዝቶ ይሁን አንሶ በኢርፎን አይታወቅም። ለዜማው ደግሞ ማሲንቆ የሚጫወቱት አባት አጠገብህ አሉ። ማይክ ይዘህ እሳቸውን ቅዳ። እውነተኛው ማሲንቆ እያለ ማስመሰል ለምን?


ጣና ኪቦርድ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ጮቄ፣ ስለ ሄድፎኑ እውነትህን ነው። አባቱን ይቅዳ ያልከውም ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ቅዳቸው እላለሁ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀህ፣ ሲወጣም ስማቸውን ጽፈህ፣ የሚገባቸውን ከፍለህ። የእሳቸውን እጅ በዊል አንተካም።

ግን ልጁ ራሱም መጫወት ይፈልጋል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ዜማ ሲመጣለት አዛውንት አይቀሰቅስም። ዜማውን በእጁ ሲፈልገው ነው ዜመኛ የሚሆነው። ማውስ ላይ መጀመሪያ ታስባለህ፣ ከዚያ ትጽፋለህ። ቁልፍ ላይ እጅህ ካንተ ቀድሞ የሚያገኘው ነገር አለ።


ጮቄ፣ ማክሰኞ ከሰዓት

እሺ ጋሼ፣ ይሄኛው ገብቶኛል። ሄድፎኑን ግን አይርሳ።


የመንቆረር ቢት፣ ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ የነገሩኝን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ቁልፎቹን በወረቀት ስዬ ቆጠርኳቸው፤ ልክ እንዳሉት ነው።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አጎቴ ቤት አሮጌ ያማሃ ኪቦርድ አለ። ግራ ጎኑ ላይ ዊል አለው። ዩኤስቢ የለውም። ከኋላው ግን አምስት ትንንሽ ቀዳዳ ያላቸው ክብ ማስገቢያዎች አሉት፣ ሁለት ናቸው። ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል ወይስ አርጅቷል?


ገመድ (ደጀን)፣ ማክሰኞ ማታ

ይገናኛል! የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው ሥራዬ፤ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ።

ያ ባለ አምስት ቀዳዳው የሚዲ ማስገቢያ ነው። ሚዲ በ1983 ነው የወጣው። የተለያዩ ኩባንያዎች ኪቦርዶች እርስ በርስ እንዲግባቡ ተስማምተው ያወጡት ቋንቋ ነው። ዛሬም ያው ቋንቋ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የአጎትህ ኪቦርድ ከዛሬ ላፕቶፕ ጋር ይነጋገራል።

የሚያስፈልግህ የዩኤስቢ ሚዲ ገመድ ነው። አንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ ሌላው ጫፉ ሁለት ባለ አምስት እግር ነው፤ አንዱ ኢን፣ አንዱ አውት ይላል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ገመዱ ላይ ኢን የሚለው ኪቦርዱ ላይ አውት የሚለው ውስጥ ይገባል። ከኪቦርዱ የሚወጣው ወደ ላፕቶፑ ይገባል ብለህ አስብ። አንዳንድ ገመድ ላይ ጽሑፉ ራሱ የተገላበጠ ስለሆነ፣ እምቢ ካለህ አቀያይረህ ሞክር። አይቃጠልም።

ከዚያ ኤፍኤል ላይ ኤፍ 10 ተጫን፣ ሚዲ የሚለው ውስጥ ገመዱን ምረጥና ኢኔብል በል። የኪቦርዱን ቮሊዩም ዝቅ አድርገው፤ አለዚያ የሱም የላፕቶፑም ድምፅ አብሮ ይሰማል። አዲሶቹ ያማሃዎች ላይ ደግሞ ዩኤስቢ ቱ ሆስት የሚል ማስገቢያ አለ፤ ለነሱ ተራ የፕሪንተር ገመድ ይበቃል።

በጣም ርካሹን ገመድ ግን ተጠንቀቅ። ቁልፉን ለቀኸው ድምፁ ሳያቆም የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። ብዙ ኖታ አንድ ላይ ሲመጣበት «ተለቀቀ» የሚለውን መልእክት ስለሚጥል ነው።


የመንቆረር ቢት፣ ሐሙስ ማታ

ገመዱን እዚሁ ማርቆስ አገኘሁት። ተገናኘ! ግን ቁልፉን ስነካ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ገመዱ ርካሽ ስለሆነ ነው?


ገመድ፣ ሐሙስ ማታ

ገመዱ አይደለም። በዚያ ባለ አምስት እግር ገመድ አንድ ኖታ ለመሄድ የሚፈጅበት የሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ነው፤ ጆሮ አይለየውም። መዘግየቱ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዲቫይሱን ኤፍኤል ስቱዲዮ አሲዮ ወይም አሲዮ ፎር ኦል አድርገው። በኋላ በፈር የሚለውን እይ። 2048 ላይ ከሆነ፣ በ44,100 (በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያሉት የድምፅ ናሙናዎች ብዛት) ሲካፈል ወደ 46 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል፤ ይሄ በደንብ ይሰማል። 256 ስታደርገው ወደ 6 ይወርዳል። ድምፁ መንጫጫት ከጀመረ 512 አድርገው።


የመንቆረር ቢት፣ ዓርብ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

በፈሩን 256 አደረግሁ፤ መዘግየቱ ጠፋ። ቤንድ ሬንጁን 5 አደረግሁ። ቀኝ እጄ ቁልፉ ላይ፣ ግራ እጄ ዊሉ ላይ። መጀመሪያ ዊሉን ቶሎ ቶሎ ስለማዞረው ዜማው የሰከረ ሰው ሆነብኝ። ከዚያ የእኚያን አባት ጣት አሰብኩ። እሳቸው ሁሉንም ድምፅ አያንሸራትቱም። ሁለት ሦስት ድምፅ ጥርት አድርገው መትተው ነው አንዷን የሚስቧት። እንደዚያ ሳደርገው ከሲ ተነሥቼ ኤፍ ላይ ስደርስ ሰውነቴን ወረረኝ። አጎቴ ከጓዳ ወጥቶ «ማነው ማሲንቆ ያመጣው?» አለኝ።

ኪቦርዱ ግን የአጎቴ መተዳደሪያ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የራሴ ያስፈልገኛል። ኪስቴሽን 49ን ልወስን ነው፤ ዊል አለው፣ ቁልፎቹም ሙሉ መጠን ናቸው። የተረፈኝን ብር ለሄድፎን። ፓድ ለጊዜው ይቅር፤ ከበሮውን በቁልፉ እመታለሁ። ይከፋል የዳሞት ልጅ?


የዳሞት ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ምንም አይከፋም። እኔም ስጀምር በቁልፍ ነበር። ሁለት ሁለት ቁልፍ ለአንድ ድምፅ መስጠቱን ግን እንዳትረሳ።


ዋሽንት፣ ቅዳሜ ጠዋት

የአክስትህ ልጅ ሱቁ ውስጥ ሳለ እንዲፈትሽ ንገረው። እኔ ከአንድ ሱቅ የመጀመሪያውን ሳላስከፍት ይዤ መጥቼ፣ ሁለት ቁልፍ አልሠራ አለኝ። ሲነግሩኝ የነበረው «መንገድ ላይ ነው የተበላሸው» ነው። ያለቀስኩት አይረሳኝም።

ላፕቶፕ ላይ ያሰካው። ሁሉንም ቁልፍ ከግራ እስከ ቀኝ ይንካ፤ በቀስታ አንዴ፣ በጉልበት አንዴ። በቀስታ የነካው ጮኾ ከወጣ ቁልፉ ጉልበት አይለይም ማለት ነው። ዊሉን እስከ ዳር ወስዶ ይልቀቀው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም፤ ድምፁ ልክ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከቀረ አይውሰደው። የዩኤስቢ መሰኪያውንም ነቅነቅ አድርጎ ይየው።


የመንቆረር ቢት፣ ቅዳሜ ከሰዓት

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳለ ገልብጬ ልኬለታለሁ። አጎቴ ዛሬ ሠርግ ሳይሄድ በፊት 40 ሰከንድ ቀድቼ ነበር፤ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ጋሼ፣ ሰምተው ቢነግሩኝ።


ጣና ኪቦርድ፣ ቅዳሜ ማታ

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አምባሰል ነው፤ ኤፍ ላይ የደረስክበት ቦታ ጎበዝ ያሰኛል። ከኤፍ ወደ ዲ ፍላት ስትመለስ ግን ዊሉን ጭራሽ ለቀኸዋል፤ ስፕሪንጉ ነው የመለሰው። እስከ መጨረሻው በጣትህ ይዘኸው ውረድ። ሌላው ደግሞ ድምፁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ይጮኻል። ደጋን እንደዚያ አይሄድም፤ ሲጀምር ሳሳ ይላል፣ መሃል ላይ ይሞላል። ኪስቴሽኑ ሲመጣ ቮሊዩም የሚለውን ፌደር ወደ ሲሲ 11 ቀይረው። ኤክስፕሬሽን የሚባለው የሚዲ ቁጥር ነው፤ እየተጫወትክ ድምፁን የሚያሳሳና የሚሞላ። ዜማውን መጀመሪያ በዊል ቅዳ፣ ቀጥለህ በላዩ ላይ ፌደሩን ብቻ እያንቀሳቀስክ ደጋኑን ቅዳ። ግራ እጅህ ለሁለቱም አይደርስም።


የመንቆረር ቢት፣ ቅዳሜ ማታ

አጎቴ ነገ ማታ ነው የሚመለሰው። ሲመጣ ከዲ ፍላቷ ጀምሬ እንደገና እቀዳዋለሁ።